ለሴቱ ዝምታ፣ ለወንዱ መርፌ፦ ስለ ሆርሞን ሕክምና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በማረጥ ዕድሜ ላይ ያለን ሴቶች ስለ ሆርሞን ሕክምና የሚነግረን እንድናገኝ፣ ወንዶቻችንም ሳይመረመሩ እንዳይወጉት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የ53 ዓመት ሴት ነኝ፤ የባንክ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ማመልከቻ አድርጌ መዝገብ ቤት ላስገባው ነበር። ኋላ ሳስበው ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። በየቢሮው፣ በየዕድሩ፣ በየጽዋ ማኅበሩ «እስቲ መስኮት ክፈቱልኝ» የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም። እንግዲያው ሰው ሁሉ እያነበበው ይሁን አልኩ።

የጀመረኝ የዛሬ አራት ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ባልደረቦቼ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርበው እጃቸውን ያሻሻሉ። እኔ መስኮቴ ላይ ለአንድ አባት የጡረታ ብር እየቆጠርኩ ነበር። ድንገት ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀጣጠለ። ግለቱ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ፊቴ ወጣ። ላቡ በግንባሬ ወርዶ መቶ ብሩ ላይ ጠብ አለ። ቆጠራው ጠፋኝ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ጠፋኝ። ሰውየው ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሄደ። ወዲያው ደግሞ በረደኝና ተንቀጠቀጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀንም ሌሊትም ሆነ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ቢጃማ እቀይራለሁ። እኔ ጋቢውን ስገፋ ባለቤቴ ሲጎትት፣ ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ቡና ጠላቴ ሆነ። አቦሉን እንደምንም እጠጣለሁ። ቶናው ሲቀዳ፣ ከሰሉም ፊቴ ላይ ሲግም፣ በረካውን ሳልጠብቅ በረንዳ ላይ ነኝ። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ቡናችንን ናቀች» ሳይሉኝ አልቀሩም።

ታከምኩ። ደም ሰጠሁ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። መቼስ በአገራችን ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ብርቅ ነው። የአሥር ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። ላቡ ቀጠለ። ሌላ ቦታ ሄድኩ። የሌሊት ላብ ስላቸው ቲቢ ጠረጠሩ፤ ራጅ ተነሳሁ፣ አክታ ሰጠሁ፣ ነጻ ሆንኩ። ሦስተኛው ቦታ ልቤ ታየ። አራተኛው «ጭንቀት ነው» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። ጠበልም አልቀረኝም፤ እሱስ ቢያንስ ቀዝቃዛ ነው።

በስድስት ወር አራት ቦታ ማለት ነው። የማንንም ስም አልጠራም፤ ክፉ ሰው አልገጠመኝም። ግን አንድም ሰው «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ «ሦስት ወር ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ ያጥለቀልቀኛል» እላቸው ነበር። ዕድሜዬ 49 እንደሆነ ካርዱ ላይ ተጽፏል። እንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለ ተቋም ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜዋ ከ45 በላይ የሆነች፣ ሌላ ሕመም የሌለባት ሴት እንዲህ ያለ ምልክት ካላት የደም ምርመራ አያስፈልግም፣ ጠይቃችሁ ድረሱበት ብሏል። ያውም ላቦራቶሪ የሞላበት አገር።

የነገረችኝ ሐኪም አይደለችም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት፣ በስልክ። ታይፎይዱንና ቲቢውን ስተርክላት ሳቀች። «አንቺ፣ ማረጥ ነው እኮ!» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬም በደንብ አይገባኝም። ምናልባት ቃሉ ይሆናል። «አረጠች» ሲባል እኔ የማውቀው ስድብ ሆኖ ነው፤ የሕክምና ቃል መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

እናቴን ጠየቅኳት። «ኧረ እኔስ ደስ ነው ያለኝ» አለችኝ። «ከዚያ ወዲህ ቀን ሳልቆጥር እንደ ልቤ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።» እሳቱስ? ስላት «እሱማ ነበር፤ ምች ነው እያልን ዳማከሴ አሽተን አለፍነው» አለች። የእናቴን ደስታ አልነፍጋትም፤ እኔም ደርሶኛል። ግን ስንት ዓመት «አለፍነው» እንደሆነ ስጠይቃት በጣቷ ቆጥራ ስምንት አለች። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት ሲከታተል የኖረ ጥናት ያገኘውም ከዚህ አይርቅም። ግለቱ ከሚደጋገምባቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ7 ዓመት በላይ ይኖሩበታል።

ምክንያቱን ኋላ አንብቤ ነው የተረዳሁት። ጭንቅላታችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። በማረጥ ጊዜ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲጎድልበት ድንጉጥ ይሆናል። ለወትሮው ንቆ የሚያልፋትን ትንሽ ሙቀት «ተቃጠልን!» ይልና የቆዳን ደም ሥር ይከፍታል፣ ላብ ያወርዳል። ዘበኛው ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር ጥይት እንደሚተኩስ ዓይነት ነው። የጎደለውን ሆርሞን በመጠኑ ሲመልሱለት ይረጋል። የሆርሞን ሕክምና የሚባለው ይኸው ነው። ለግለቱና ለሌሊቱ ላብ ከእሱ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ አጥንትም እንዳይሳሳ ይረዳል።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ በሻንጣ ፓች ላከችልኝ። ሆድ ላይ ከእምብርት በታች የሚለጠፍ፣ በሳምንት ሁለቴ የሚቀየር፣ ከቴምብር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ለጠፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ቢሮ ገብቼ ሳልሳሳት ብር ቆጠርኩ። ተአምር ነው አልኩ። አምስት ወር እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ደም መጣ፤ ቆመ ሲባል ተመልሶ መጣ።

እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንዲት የማህፀን ሐኪም አገኘሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፓቹ ውስጥ ምን አለ?» ነበር። ኢስትሮጅን ብቻ። ሁለተኛው፦ «የላከችልሽ ሴት ማህፀን አላት?» ክው አልኩ። የአክስቴ ልጅ በማዮማ (በማህፀን ዕጢ) ምክንያት ማህፀኗ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔ ግን አለኝ። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ከወሰደች የማህፀኗ ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚገታው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላው ሆርሞን ነው፤ አብሮ መወሰድ አለበት። አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ግድግዳው ወፍሯል። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የጠበቅኩባቸውን ዘጠኝ ቀኖች አልረሳቸውም። ነጻ ነሽ ተባልኩ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከእርጉዝ ፈረስ ሽንት የሚሠራው የኢስትሮጅን ኪኒን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ብቻውን ሲወሰድ የማህፀን ካንሰር እንደሚያመጣ ጥናቶች ያሳዩት ደግሞ በ1975። እኔ በ1975 ገና ሕፃን ነበርኩ። የሚነግረኝ ጠፍቶ ያንኑ ስህተት ሃምሳ ዓመት ዘግይቼ በራሴ ገላ ሠራሁት።

«ሆርሞንማ የጡት ካንሰር ያመጣል፣ ለዚህ ነው ዝም ያልነው» የሚል ባለሙያ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ፊት ለፊትም ተብዬዋለሁ። ይህ ፍርሃት የመጣው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (የፕሮጄስትሮን ወገን) አብረው የወሰዱት ላይ ጉዳቱ በለጠ ተብሎ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ተቋረጠ። ዜናው ዓለምን አናወጠ፤ ስንቷ ሴት ኪኒኗን ጣለች። ቁጥሩን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክ፣ 8 ተጨማሪ የሳንባ ደም መርጋት፣ 7 ተጨማሪ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ታየ። በሌላው ወገን የአንጀት ካንሰር በ6፣ የዳሌ ስብራት በ5 ቀነሰ። ጉዳቱ ውሸት አይደለም። ግን የጡት ካንሰሩ በዓመት ከ10,000 ስምንት ነው። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ ደግሞ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው። የ50 ዓመት ሴት ሌሊት በላብ ስትጠመቅ ምን ይሻላታል ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረም። ማህፀን የሌላቸውና ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት በሌላው ክፍል ነበሩ። እነሱ ላይ ስትሮክ ጨመረ፤ የጡት ካንሰር ግን አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ የባለሙያ ማኅበራት ነገሩን በዕድሜ ከፋፍለው ማየት ጀመሩ። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት፣ የሚከለክል ሕመም ለሌለባት፣ ግለቱ ለሚያሰቃያት ሴት ጥቅሙ ያመዝናል ይላሉ። ዘግይቶ መጀመር ግን ሌላ ነው። በቆዳ የሚገባው ፓችና ጄል ደግሞ የደም መርጋት ሥጋቱ ከኪኒኑ ያነሰ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቋምም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ከሃያ ዓመት በላይ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የኖረውን በጥቁር ሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ላነሳ ነው ብሏል። ቸኮሉ ያሉ ሐኪሞች አልጠፉም። እኔም በዚህ ዜና ብዙ አልጨፈርኩም። የማህፀን ካንሰሩን ማስጠንቀቂያ ግን አለማንሳታቸውን በደንብ አድርጌ አነበብኩ።

የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ያገኛት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት በሻንጣ የመጣ ፓች ለጥፋ መጫወት የለባትም። ይህን የሚለይላት ሐኪም ነው። እኔ የማለቅሰው ለመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ለሚለየው ሰው ነው። ካረጡ በኋላ ያለችው የአሥር ዓመቷ ቀጠሮ ደግሞ አትጠብቅም። እኔ ስድስቱን ወር በታይፎይድ በላሁት። አሥሩንም ዓመት «ምች ነው» ብላ የምትጨርስ ሴት አለች።

አንዳንዷ ደግሞ በ38 ዓመቷ የምታርጥ አለች፤ ኦቫሪዋ በኦፕራሲዮን የወጣም አለች። ለእነሱ ይህ ሕክምና ቅንጦት አይደለም። የሚከለክላቸው ሕመም ከሌለ ቢያንስ ሌላው ሰው እስከሚያርጥበት ዕድሜ ድረስ እንዲወስዱ ይመከራል። አጥንታቸውና ልባቸው ያለ ጊዜው ነው የሚጎዳው።

የሚያናድደኝን ልናገር። ሆርሞን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ቤት ለቤት ዞረው ስለ ወሊድ መከላከያ አስተምረውናል። የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ሥር የሚቀበረው፣ ኪኒኑ ገጠር ድረስ ገብቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የእነዚሁ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ወገን ነው። ለመውለድ ስንደርስ ስለ ሆርሞን የሚያስረዳን ሰው በራችንን ያንኳኳል። መውለድ ስናቆም ማንም አያንኳኳም። ጭራሽ አንድ የመድኃኒት መደብር ውስጥ «ፓች የለም፤ የወሊድ መከላከያውን ለምን አትወስጂም?» ተብያለሁ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን ለማረጥ ከሚታዘዘው በጣም ይበረታል። ለ50 ዓመት ሴት፣ ያውም ደም ግፊት ላላት፣ እንዲሁ የሚታደል ነገር አይደለም።

የወንዶቹ ጉዳይ ግልባጩ ነው። እኛን የሚነግረን ጠፋ፤ እነሱን ደግሞ የሚሸጥላቸው በዛ።

ታላቅ ወንድሜ 57 ዓመቱ ነው። ድካም፣ የሆድ መግፋት፣ እና ለእህት የማይነገረው ነገር መጣበት። ጂም የሚያውቀው ልጅ «ቴስቶስትሮንህ፣ የወንድ ሆርሞንህ፣ ወርዶ ነው» አለው። ማን ለካው? ማንም። በዘይት የተበጠበጠ መርፌ በየሁለት ሳምንቱ መወጋት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሮች አንበሳ ሆነ፤ ሚስቱም እኛም ታዝበናል። በአምስተኛው ወር ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ራሱን ያመው ጀመር። ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ሴሎች ድርሻ፣ 57 በመቶ ሆነ። መመሪያዎች ከ54 ካለፈ መድኃኒቱን አቁሙ ይላሉ። ሐኪሙ «ደምህ ወፍሯል፤ ስትሮክ ደጅህ ቆሟል» አለው። ስኳሩ ሲታይ ደግሞ 260። የድካሙ ምንጭ ስኳሩ ነበር። መርፌውን ሲያቆም የባሰ ወደቀ፤ ከውጭ ሲገባለት የራሱ አካል ማምረቱን ትቶ ነበርና እስኪነቃ ወራት ፈጀበት።

ወንድ እንደ ሴት ባንድ ጊዜ አያርጥም። ቴስቶስትሮኑ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓመት አንድ በመቶ ያህል ቀስ እያለ ይወርዳል። ብዙው ወንድ ምንም አይሆንም። በእውነት የሚጎድለው አለ፤ እሱ መታከም አለበት። ለማወቅ ግን ምልክቱ ብቻ አይበቃም፤ ጠዋት ጠዋት፣ በተለያየ ቀን፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደም መሰጠት አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ሆርሞኑ ስለሚወርድ ጤነኛውም የጎደለው ይመስላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቋም ቴስቶስትሮን ለእርጅና ብቻ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም ብሎ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በ2023 ከ5,000 በላይ የልብ ሕመም ወይም ሥጋት ያለባቸው ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ወጣ። ሆርሞናቸው በምርመራ ለጎደለ ወንዶች ሃርት አታክና ስትሮክ አልጨመረም። የልብ ምት መዛባት፣ የሳንባ ደም መርጋትና የኩላሊት ጉዳት ግን በዛ ብሎ ታየ። ገና ልጅ መውለድ የሚፈልግ ወንድ ደግሞ ይወቀው፤ መርፌው የወንድ ዘር መመረቱን ሊያስቆም ይችላል። የወንድሜ ልጅ ቴሌግራም ላይ ሲሸጥ ያሳየኝ ማስታወቂያ ግን የጡንቻ ፎቶና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለባለሥልጣኑ ነው። እባካችሁ ያንን ስልክ ቁጥር ደውሉለት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሁሉ በፊት የጤና ሚኒስቴር ለጤና ጣቢያዎች አንድ ገጽ መመሪያ ይላክልን፤ ከ45 እስከ 55 ያለች ሴት ግለት፣ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት ብላ ስትመጣ ከታይፎይዱ ምርመራ በፊት ስለ ወር አበባዋ ይጠየቅ የሚል። ቲቢውም አይረሳ፤ እሱም በአገራችን አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በራችንን ሲያንኳኩ ለእኔ ቢጤዋም አንድ ነገር ይያዙ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ የተጻፈ። ከዚያ መድኃኒቱ፦ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ኢስትሮጅን ከፕሮጄስትሮኑ ጋር ተመዝግቦ፣ በሐኪም ማዘዣ፣ ከነማ ፋርማሲ ሄደን የምንገዛው ይሁን። ለብልት ድርቀት የሚሆነው ክሬምም አለ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ወደ ደም የሚገባው ኢምንት ነው፣ ስንት ትዳር ያድናል። ይህንን በአደባባይ መጻፌን እናቴ እንዳታነብ እንጂ።

የውጭ ምንዛሪ እጥረት አለ ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ባንክ ነው የምሠራው። ግን ለእኔ አራት ቦታ የወጣው የላቦራቶሪ፣ የራጅና የአንቲባዮቲክ ወጪም ውስጥ ዶላር አለ።

ሐኪሜ አሁን ፓቹንም ፕሮጄስትሮኑንም አስተካክላ ጽፋልኛለች። ማዘዣው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የዞርኩባቸው መደብሮች ውስጥ ግን አላገኘሁትም። ስለዚህ የሁለቱንም ስምና መጠን ፎቶ አንስቼ በቫይበር ልኬያለሁ። የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች። ከፕሮጄስትሮኑ ጋር የምለጥፋቸው ፓቾች የቀሩኝ 11 ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ነው የምቀይረው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የባንክ ሠራተኛ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለሥራ ባልደረቦቼ (መስኮቱን ስለከፈታችሁልኝ)
ለባለቤቴ (ጋቢውን መልሼልሃለሁ)